ረዳት ማርሽ

ለጡረታዬ ሦስት ወር ሲቀረኝ መጣች፤
ነጭ ላንድክሩዘር፣ የወንበሯ ፕላስቲክ ገና ያልተላጠች፤
በሞዴል ሃያ ሁለት፣ በኔ ፊርማ ወጣች።
መስኮቷ ቁልፍ ሲጫኑት ይወርዳል፤
ፍሬኗ ገና ሲያስቡት ይይዛል።
አንድ ነገር ብቻ፣ ከትልቁ ማርሽ ጎን፣ አጭሩ ዘንግ፣ አንገቱን ደፍቶ፣
እምቢ አለኝ፤
ጥርሱን ነክሶ፣ ጆሮውን ዘግቶ።

የድሮዋ፣ ያቺ ሰማያዊዋ፣
የክትባት በረዶ ስታመላልስ ያረጀችዋ፣
የሷ ረዳት ማርሽ እንደ ሽማግሌ ጥርስ ይወዛወዝ ነበር።
ናበጋ ላይ፣ ከሩዙ ማሳ ዳር፣
ዋልካው እንደ ሊጥ ጎማችንን ሲይዘን፣
በሁለት ጣት ነበር የምጠራው፤ ስንቴ ጎትቶ አወጣን!

አዲሷን ከዓባይ ድልድይ ማዶ ወስጄ ለባንታምላክ አሳየሁ።
በጀርባው ተንጋሎ ከሥሯ ገባ፤ እግሩን ብቻ አያለሁ።
«ጋሽ ይርሳው፣ አልተበላሸችም፤ ማን ነክቷት ያውቃል?
ጥርስ ከጥርስ ሳይተዋወቅ እንዴት ይገጥማል?
በጉልበት እንዳትላት። ፍሪሲዮን ርገጥ፣ ፎሌ አድርጋት፣
ትንሽ አንከባላትና ጠይቃት።
እምቢ ካለች ተዋት፤
ነገ ድገምላት።»

ሳቅሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ነድቼ፣
ማርሽ ልለማመጥ? ከዋልካ ስንቱን አውጥቼ!

ሌሊት ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ እንደ ዘንጉ።
መስከረም ላይ መሪውን የሚረከበው አበጀ ነው፤ ልጁ፤
መንጃ ፈቃዱ ላይ ቀለሙ አልደረቀም፤
ጉልበቱን ያምናል እንጂ መጠበቅ አያውቅም።
ይስበዋል። ይሰብረዋል።
ነርሶቹ ከኋላ፣ ክትባቱ በበረዶ፤ ከጭቃው ማን ያወጣዋል?

እና ማለዳ ማለዳ፣ ቢሮው ሳይከፈት፣
ወደ ሐይቁ ዳር ነዳኋት፣ ዓሣ አስጋሪ መረብ ወደሚያሰጣበት።
ደንገል የታጨደበት፣ ታንኳ የተደፋበት ሜዳ አለ፤ እዚያ እቆማለሁ።
ፍሪሲዮን። ፎሌ። ትንሽ መንከባለል። ዘንጉን እይዛለሁ።
እምቢ።
ደግሞ።
እምቢ። ሞተር አጥፍቼ እጠብቃለሁ።
ከሸንበቆው መሀል አንድ ጉማሬ ያየኛል፤ እኔም አየዋለሁ።

«ናፍጣ አለቀብህ?» አለኝ ቢያዝን፣ መረቡን ከታንኳው እያወረደ።
«የለም፣ ማርሽ እያለማመድኩ ነው።»
«ወይ ጉድ! ማርሽም ልጓም ለመደ?»
አልመለስኩለትም። ምን ልበለው?
በቅሎስ ብትሆን ገብስ አሳይቼ ባባበልኳት፤ ይህን በምን ላባብለው?

በአሥራ ሰባተኛው ቀን ነው።
ቢያዝን መረብ ውስጥ ቀረሶ ይንፈራገጣል፤ ፀሐይ ገና ከውኃው አልተላቀቀችም።
ዘንጉ ከመዳፌ ሥር፣ ቁጣው እንደ በረደለት ሰው ትከሻ፣
ላላ።
ገባ።
ድምፅ እንኳ አላሰማም።
ዳሽቦርዷ ላይ አንዲት ትንሽ መብራት ቦግ፤
አራቱም ጎማ አሸዋውን ጭብጥ አደረገ።
ጮኽሁ መሰለኝ፤ ቢያዝን ዞሮ አየኝ፤
የሰው ልጅ በማርሽ እንዲህ ይደሰታል ብሎ ማን ይመነኝ?

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ፤ ከሁለት ወደ አራት፣ ከአራት ወደ ከባዱ፣ ተመልሶም ወደ ሁለት፤
መዳፌ ላይ እንደ ባቄላ ያበጠ ነገር እስኪወጣበት።

ጳጉሜን ሁለት ርክክብ ሆነ።
ክሪክ አንድ፣ ትርፍ ጎማ አንድ፣ የጎማ መፍቻ አንድ፤
ጸሐፊዋ ታነባለች፣ አበጀ ይፈርማል በአንድ በአንድ።
ማለዳዎቹ የሚሞሉበት መስመር ወረቀቱ ላይ አልነበረም፤
እኔም ጻፉልኝ አላልኩም።

አበጀ ገባ። ወንበሩን አስጠጋ። አጭሩን ዘንግ በሁለት ጣቱ ነካ፤
«ጋሽ ይርሳው! አዲስ መኪና እንዴት ደስ ይላል! ራሱ ይገባል ለካ!»
«አዎ» አልኩት፣ «አዲስ ነዋ።»
መዳፌን ኪሴ ከተትኩት።

በባጃጅ ወደ ቤቴ ሄድኩ፣ ከኋላ፣ እንደ ተሳፋሪ።
ቀኝ እጄ ከጉልበቴ አጠገብ የሌለ ዘንግ ፈለገ።
ካፊያ ጀመረ፤ ደመናው ከዘጌ በኩል ነው።
ዛሬ ናበጋ ጭቃ ነው።